ያልተጫነችው ቁልፍ

አባትየው ባለሱቅ ሳያስመርር ዕቃ ገዝቶ አያውቅም። የዳቦ ቢላዋም ይሁን የካሜራ መብራት፣ ውሃ ቀጠነ ሳይል ከሱቅ አይወጣም። ያን ዕለት ጠዋት የካሜራ ዕቃ የሚሸጠው ሰው ይህን ገና አላወቀም። በካሜራ መቆሚያ፣ በትራይፖድ እጀታ ላይ የሚታሰሩ፣ ምስል የሚያቀርቡና የሚያጠሩ ሦስት የዙምና የፎከስ መቆጣጠሪያዎችን መስታወቱ ላይ ደርድሮ፣ ፈገግ እያለ ገመዳቸውን ይፈታል።

ልጅቱ ከአባቷ ጀርባ ቆማለች። ሠላሳ አንድ ዓመቷ ነው። አባቷ ሠርግና ምረቃ በቪዲዮ ይቀርጻል፣ እሷ ምስሉን ቆርጣና ቀጥላ ለባለጉዳዩ ታስረክባለች። እናቷ ከሞተች ወዲህ ቤቱም ሥራውም የሁለቱ ብቻ ነው። ወደዚህ ሱቅ ያመጣቸው ግን የእሷ ውሸት ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። ከሁለት ዓመት ወዲህ አባቷ ቀርጾ የሚያመጣው ምስል መደብዘዝ ጀመረ። ሙሽራዋ ጉም ትሆንና ከኋላዋ የተሰቀለው መጋረጃ ክሩ እስኪቆጠር ድረስ ይጠራል። መጀመሪያ ሌንሱን ጠርጥራ አስጸዳችው። ከዚያ ካሜራውን ጠርጥራ አስፈተሸችው። አንድ ቀን ለሥራ ቦርሳ ስታዘጋጅ፣ አባቷ ዓይኑን የሚያስጠጋበትን ማያ እንዲያው ለወጉ ብታየው ምንም አልታይ አላት። ማያውን ከሰው ዓይን ጋር የምታስተካክለዋን ትንሽ ማንሻ አባቷ እስከ መጨረሻው ገፍቷታል። ከዚያ ወዲያ ማንሻዋ መሄጃ የላትም። ልጅቱ ካሜራውን እንደያዘች አልጋው ጫፍ ላይ ቁጭ አለች።

ሰው ሁሉ «ጋሽ ካሜራ» እያለ የሚጠራውን፣ ሠላሳ ዓመት በዓይኑ ኖሮ በዓይኑ ልጅ ያሳደገን ሰው «ዓይንህ ደክሟል» ብሎ መንገር ለማንም አይቀልም፤ ለልጅ ደግሞ አይሞከርም። ስለዚህ ነገሩን በሆዷ ያዘችው። እሷም በየሥራው ሁለተኛ ካሜራ ይዛ ጥግ ላይ መቆም ጀመረች፤ የአባቷ ምስል በደበዘዘ ቁጥር የራሷን እየጎተተች ትሸፍንበታለች። «ምስሉ እንዴት ነው?» ሲላት «ጥሩ ነው» ትለዋለች። አንድ ቀን ብቻ ጨከንኩ ብላ አፏን ከፈተችና፣ «ጥሩ ነው፣ ግን ሌንሱን በእጅህ ስትነካው ካሜራው ይነቃነቃል» አለችው። ከጭካኔዋ የወጣው ይኸው ነው። ለነገሩ ሐሳብ ነበራት፤ መቆጣጠሪያ ከገዛ፣ ፎከሱን ለካሜራው የሚተው ዓይነት አስመርጠዋለሁ ብላ ነው።

አባቷ የመጀመሪያውን አነሳ። አውራ ጣቱን ወዲያና ወዲህ በምትጋደመው የዙም ቁልፍ ላይ አሳረፈና ዓይኑን ጨፈነ። ዕቃ የሚፈትነው በጣቱ ነው።

«ይሄ ይደነብራል» አለ። «ስትነካው ዘሎ ይነሳል። ዙም ሲነሳም ሲቆምም መታወቅ የለበትም። የሚያየው ሰው እኔ ቀረብኩ ማለት አለበት እንጂ ካሜራው ቀረበ ማለት የለበትም።»

«እውነትዎን ነው ጋሼ። እንግዲያው ይሄኛውን ይዩልኝ፣ ብዙ ሰው የሚወስደው ነው» አለ ባለሱቁ።

«ብዙ ሰው የሚወስደውማ የራስ ምታት ክኒንም ነው።»

ባለሱቁ ሳቀ። ልጅቱ ግን ልቧ የተሰቀለው በዚህ በሁለተኛው ላይ ነው። ዙሙ ለስላሳ ነው፣ ፎከሱን ራሱ ካሜራው ይሠራዋል። «አባዬ፣ እሱ ይሻልሃል» አለች። «ፎከሱን ለካሜራው ተውለት። አንተ ስለ ሌላው አስብ።»

«ለካሜራው?» ዞሮ አያት። «ካሜራ ሰው ያውቃል? እናት ስታለቅስ እሱ የሚያየው የአበባ ማስቀመጫውን ነው። እሙ፣ አንቺ ደግሞ አንዳንዴ ሥራውን የማታውቂው ትመስያለሽ።»

ሦስተኛው ዙሙም ለስላሳ ነው፣ ለፎከስ ደግሞ ጠርዟ ሻካራ የሆነ ትንሽ መዘውር አለችው። አባቷ መዘውሯን በጠቋሚ ጣቱ ሲያዞራት ፊቱ በራ። ካሜራውን ከቦርሳው አውጥቶ ትራይፖድ ላይ ሰቀለ፣ መቆጣጠሪያውን እጀታው ላይ አሰረ፣ ገመዱን ሰካ። ባለሱቁም ደንበኛ ለማስደሰት ብሎ ካሜራውን ግድግዳው ላይ ካለው ትልቅ ቴሌቪዥን ጋር አገናኘውና፣ የባትሪ ካርቶን ይዞ በሩ አጠገብ ሄዶ ቆመ። ቴሌቪዥኑ ከአባትየው ጀርባ ነው። እሱ ዓይኑን ማያው ላይ ተክሏል።

መዘውሯ ዞረች። በቴሌቪዥኑ ላይ የካርቶኑ ጽሑፍ ከጉም ውስጥ ቀስ እያለ ወጣ፣ ጠራ፣ ትንንሾቹ ቁጥሮች ሳይቀሩ ተነበቡ። ልጅቱ በሆዷ «በቃ፣ እዚያ ላይ ቁም» አለች። መዘውሯ ግን አልቆመችም። ጽሑፉ አልፎ ተመልሶ ጉም ገባ፣ ከካርቶኑ ኋላ ያለው የበሩ መስታወት ከነጣት አሻራው ጠራ።

«ያዝኩት!» አለ አባቷ። «እንዲህ ነው ዕቃ ማለት።»

ባለሱቁ ቴሌቪዥኑን አየ፣ አባትየውን አየ፣ ልጅቱን አየ። ልጅቱ ጣቷን ከንፈሯ ላይ አድርጋ ራሷን ነቀነቀች። ዓይኗ እንባ አቅርሯል። ባለሱቁ ካርቶኑን ቀስ ብሎ አወረደ።

«በጣም ቆንጆ ነው ጋሼ» አለ። «የሚያውቅ ሰው የሚመርጠውን መረጡ።»

አባትየው ደጅ ወጥቶ ትራይፖዱን መኪና ላይ ሲጭን፣ ባለሱቁ መቆጣጠሪያውን እየጠቀለለ ድምፁን ዝቅ አደረገ። «እህቴ፣ ከመዘውሯ ሥር ይቺን ትንሽ ቁልፍ አየሻት? አንዴ ስትጫኛት ፎከሱ ወደ አውቶ ይሄዳል። ካሜራው ራሱ ያጠራል፣ መዘውሯን ቢያዞሯትም ባያዞሯትም ያው ነው። ካሜራው ጠፍቶ በተከፈተ ቁጥር ግን ወደነበረበት ይመለሳል። ከሥራ በፊት ሁልጊዜ መጫን አለብሽ።»

«ያውቁብኛል?»

«ማያው እንደሚታያቸው ከሆነ፣ አያውቁም።» መጠቅለያውን አሰረ። «የእኔም አባት ዓይናቸው እስኪደክም ድረስ ሹፌር ነበሩ» አለና ዕቃውን ሰጣት።

ዓይንህን ጨፍን ላሞኝህ ማለት ይኸው ነው። ደግሞ ሠራ! አራት ወር ሙሉ ሠራ። ከየሥራው በፊት ልጅቱ «ገመዱን ላስተካክል» ብላ ትጠጋለች፣ ቁልፏን ጫን ታደርጋለች፣ ሁለተኛ ካሜራዋን ይዛ ጥጓን ትይዛለች። አባቷ መዘውሯን ያዞራል፤ ወደፊት ያዞራታል፣ ወደኋላ ያዞራታል፣ ትንፋሹን ይዞ በፀጉር ውፍረት ልክ ያስተካክላታል። መዘውሯ ከምንም ጋር አልተያያዘችም። ምስሉ ግን ጥርት ብሎ ይመጣል። የምረቃ በዓሉ ጠራ፣ ሠርጎቹ ጠሩ፣ አንድ ቀኑን ሙሉ ሲያዛጉበት የዋሉት የመሥሪያ ቤት ስብሰባ እንኳ ከነማዛጋቱ ጠራ። አባቷ ሰውነቱ ተፍታታ፤ መኪና ውስጥ ማፏጨት ጀመረ። ልጅቱ ደስ አላት ማለት ግን ይከብዳል። እያንዳንዷ ፉጨት አንጀቷን ትበላዋለች።

በአምስተኛው ወር አንድ ጎልማሳ ሰው ስልክ ደወለ። እናቱ ጡረታ የወጡ የሒሳብ መምህርት ናቸው፣ በጠና ታመዋል። ከልጆቻቸው ሁለቱ ሩቅ አገር ናቸው፤ ቀን ሳያልፍባቸው ለሦስቱም የሚሉት አላቸው። «ካሜራ የሚይዘው ጋሽ ካሜራ ካልሆነ አልቀረጽም ብላለች» አለ። አባትየው ስማቸውን ሲሰማ ከወንበሩ ተነሳ። ስምንተኛ ክፍል ያስተማሩት እሳቸው ናቸው።

ክፍላቸው ጠባብ ነች። አንድ አልጋ፣ አንድ ባለመደገፊያ ወንበር፣ ከወንበሩ ኋላ እስከ ጣሪያ የሚደርስ የመጽሐፍ መደርደሪያ። መምህርቲቱ ወንበሩ ላይ በሁለት ትራስ ተደግፈው ተቀምጠዋል። ፊታቸው ከስቷል፣ አፋቸው ግን አልከሳም።

«መጣህ?» አሉ። «አርጅተሃል እኮ አንተ!»

«እርስዎ ግን ያው ነዎት፣ እትዬ።»

«ውሸቱን ተወው። ውሸት ድሮም አይሆንልህም ነበር።» ወደ ልጅቱ ዞሩ። «አባትሽ ከሁሉም ኋላ፣ መስኮቱ ሥር ነበር የሚቀመጠው። እኔ ሰሌዳ ላይ እንደ ጉንዳን አሳንሼ ስጽፍ ፊት ወንበር ያሉት አይታየንም ይሉኛል፤ እሱ ከዚያ ሆኖ አንድ ቁጥር ሳይስት ያነበዋል። እንዲህ ያለ ዓይን በሰው ላይ አይቼ አላውቅም።»

አባቷ እንደ ተማሪ አቀረቀረ። ፊቱ ላይ የነበረውን ደስታ ልጅቱ መቼም አትረሳውም።

ትራይፖዱ ቆመ፣ መብራቱ ተስተካከለ፣ ካሜራው ተከፈተ። ልጅቱ ማይክራፎኑን በመምህርቲቱ ሹራብ አንገትጌ ላይ ሰክታ፣ ገመዱን ወለሉ ላይ እየለጠፈች ነበር። ከዚያ ተነስታ ያቺን ቁልፍ ልትጫን፣ ከዚያ የራሷን ካሜራ ልታወጣ ነው።

«ልጄ» አሏት መምህርቲቱ፣ «አንቺ ውጪልኝ። አንድ ሰው ይበቃኛል። ሁለት ሰው ካየሁ ክፍል የገባሁ መስሎኝ ክፍልፋይ ማስተማር እጀምራለሁ።»

ልጅቱ ሳቀች። «እሺ እትዬ፣ ይሄን ገመድ ብቻ ላስተካክል» ብላ ወደ ትራይፖዱ እጇን ዘረጋች። የአባቷ እጅ ግን አስቀድሞ መቆጣጠሪያው ላይ ነው፤ መዳፉ መዘውሯንም ቁልፏንም ሸፍኗቸዋል።

«ተይው፣ ደህና ነው። እኔ አለሁ፤ ሂጂ» አላት።

በሩን ይዛ ቆመች። አንድ ዓረፍተ ነገር ይበቃል። አባዬ፣ ከመዘውሯ ሥር ያለችውን ቁልፍ ተጫናት። እሱ «ለምን?» ይላል። ለምን የሚለው ጥያቄ መልስ አለው፣ መልሱ ደግሞ እዚህ፣ እንዲህ ያለ ዓይን አይቼ አላውቅም ባሉት ሴት ፊት ሊነገር ነው። ምናልባት በዕድል ያጠራው ይሆናል አለች ለራሷ። ካልሆነም ሲጨርሱ ትንሽ ድገሙልን እላለሁ አለች። በሩን ዘግታ ወጣች።

ኮሪደሩ ላይ፣ ስልክ ከደወለው ከትንሹ ልጃቸው ጋር ጎን ለጎን አርባ ደቂቃ ተቀመጡ። የመምህርቲቱ ድምፅ በበሩ ይሰማል፣ ቃሉ አይለይም። አንዴ ሲስቁ ተሰማ። አንዴ ደግሞ ረጅም ዝምታ ሆነ። በሩ ሲከፈት መምህርቲቱ አንገታቸው ትራሱ ላይ ወድቋል፣ ዓይናቸው ተከድኗል፣ አባቷ ጉንጩን በእጁ ጀርባ ያብሳል። ትንሽ ድገሙልን የሚል አንደበት ከየት ይምጣ?

ማታውን ሳትጠብቅ፣ ያኑ ዕለት ከሰዓት ምስል ወደምትቆርጥበት ሥራ ቤት ገብታ ቅጂውን ከፈተችው። መደርደሪያው ላይ ያሉት መጻሕፍት ርዕሳቸው አንድ በአንድ ይነበባል። ከፊታቸው፣ ሹራብ የለበሰ አንድ ጉም ይናገራል። እስከ መጨረሻው ደቂቃ ድረስ እያለፈች አየችው። አንድም ቦታ አልጠራም።

«እንዴት ነው?» አላት አባቷ ከኋላዋ ቆሞ።

«ጥሩ ነው» አለች።

በማግስቱ ለልጃቸው ደወለችና፣ መብራቱ ላይ ትንሽ ችግር ስላለ ለአምስት ደቂቃ ተመልሰን ብንመጣ አለችው። መብራቱን አሳበበች፤ ምስኪን መብራት። ሰውየው «እናቴ ሌሊቱን ሆስፒታል ገብታለች፣ ሲሻላት እደውልልሻለሁ» አላት። አልተሻላቸውም። በአሥራ አንደኛው ቀን አረፉ።

ከቀብሩ አራት ቀን በኋላ ልጃቸው ጠዋት ሥራ ቤቱ ድረስ መጣ። ሥራ ቤቱ ማለት ሁለት ጠረጴዛ፣ አንድ ትልቅ ስክሪን፣ ለእንግዳ አንዲት ወንበር ናት። ልጅቱ ተነስታ «እኔ ራሴ አመጣልሃለሁ፣ ገና አልጨረስኩትም» አለች።

«እንዳለ ይሁን። ወንድሜና እህቴም እየጠበቁ ነው። ትንሽ ብቻ ልያት።»

«ክፈቺለት እንጂ እሙ፣ ምን ታስጠብቂዋለሽ?» አለ አባቷ፣ ወንበሯን ራሱ እየሳበለት። «እናትህ ያን ቀን እንዴት ያለ ነገር እንደተናገሩ! እኔ ራሴ አልቻልኩም።»

ከፈተችው። ሌላ ምን ታድርግ?

የመምህርቲቱ ድምፅ ክፍሉን ሞላው። ልጆቻቸውን ከትልቁ ጀምረው በስም ጠሩ። ሰውየው ወደ ስክሪኑ ጎንበስ አለ፤ እጆቹን ጉልበቶቹ መሃል ቆልፎ ጠበቀ። ድምፁ ቀጠለ፣ ጉሙ ቀጠለ። መጻሕፍቱ ጥርት ብለው ቆመዋል። ሰውየው አሁን ይጠራል፣ አሁን ይጠራል እያለ እንደሚጠብቅ ያስታውቃል። በመጨረሻ አልቻለም።

«ፊቷ መቼ ነው የሚጠራው?» አለ።

አባትየው እስካሁን ስክሪኑን አላየም ነበር፤ የሰውየውን ፊት ነበር የሚያየው። ፈገግታው ጠፋ። ተነስቶ አፍንጫው እስኪነካ ድረስ ወደ ስክሪኑ ተጠጋ። ከዚያ ወደ ልጅቱ ዞረ።

«እሙ?»

«አይጠራም» አለች ልጅቱ። «እስከ መጨረሻው እንዲህ ነው።»

መምህርቲቱ ብቻ ይናገራሉ። ትንሹን ልጃቸውን፣ ይኸው እዚህ የተቀመጠውን፣ ሲወለድ እንዴት እንደነበረ እየነገሩት ነው።

«ጥፋቱ የእኔ ነው፣ ልጄ» አለው አባትየው ሰውየውን። «ካሜራውን የያዝኩት እኔ ነኝ። ሌላ የማንም አይደለም።»

ሰውየው ቢጮህ ይቀል ነበር። አልጮኸም። ዓይኑን በመዳፉ ጠረገና «ድምጿ አለ አይደል?» አለ። «ድምጿን ስጡኝ።» ልጅቱ ትንሽ ፍላሽ ላይ ገልብጣ ሰጠችው። ፍላሿን በሁለት እጁ ተቀብሎ ወጣ። እርምጃው ደረጃው ላይ እስኪጠፋ ድረስ ሁለቱም በሩን ሲያዩ ቆዩ።

አባቷ እንግዳው በተነሳበት ወንበር ላይ ተቀመጠ።

«ከመቼ ጀምሮ ነው?»

«ሁለት ዓመት ሆኖታል፣ አባዬ። እንዳይከፋህ ብዬ... እንዴት እንደምነግርህ...»

«እኔ ሦስት ዓመቴ ነው» አለ።

ልጅቱ አልገባትም።

«ሐኪም ቤት ሄጃለሁ። የዓይንህ መሃሉ እየሞተ ነው፣ መድኃኒት የለውም ብለውኛል። ማያው ላይ ምን አይቼ አውቃለሁ? ሠላሳ ዓመት የለመደ እጅ ነው ብዬ በግምት ነበር የምይዘው።»

«ታዲያ ለምን አልተውከውም?» አለች።

«ጥሩ ነው ትዪኝ ነበራ!» ለመጀመሪያ ጊዜ ጮኸ። ወዲያው ድምፁ ወረደ። «እኔ ባላይ እሷ ታያለች አልኩ። ልጄ ናት፣ የተበላሸ ቀን ትነግረኛለች አልኩ። ጥሩ ነው ባልሽኝ ቁጥር ሌላ ሥራ እቀበላለሁ። ስክሪኑን እኮ አይቼው አላውቅም፤ አንቺን ነበር የማየው። በአንቺ ዓይን ነበር የምሠራው፣ እሙ።»

ሁለት ዓመት ሙሉ አባቷን ከኀዘን የጠበቀች መስሏት ነበር፤ ለካ የቀረውን አንድ ዓይን ያጠፋችው እሷ ናት። ይህን አውቃ አለቀሰች፣ ልቅሶውም ለማንም አልጠቀመም።

አባቷ እስክትጨርስ ጠበቃት። ከዚያ ወንበሩን ወደ ጠረጴዛዋ አስጠጋ።

«የሁለቱን ዓመት ክፈቺ» አለ። «ከመጀመሪያው። ስንት ሰው እንዳበላሸሁ ልወቅ። እያንዳንዱን ንገሪኝ፣ እንዳትዋሺኝ።»

ከፈተች። «ይሄ የነርሷ ሠርግ ነው። ደብዝዟል።»

«ሌላስ?»

«የመንትዮቹ ልደት። ደብዝዟል።»

«ሌላስ?»

«የጎረቤታችን ምረቃ። መጀመሪያው ደህና ነው፣ ከመሃል በኋላ ደብዝዟል።»

እንዲህ እያሉ ቀትር ሆነ፣ ቀትርም አለፈ። አባቷ በየስሙ ራሱን ይነቀንቃል፤ ሰዎቹን ሁሉ ያስታውሳቸዋል። ልጅቱ ወደ መጨረሻዎቹ አራት ወራት ስትደርስ እጇ ቆመ።

«ምነው?»

«ይሄ... ይሄ ጥርት ያለ ነው።»

ቀና አለ። ጠዋት የጠፋው ፈገግታ ፊቱ ላይ ብቅ አለ።

«እኔ ነኝ ያጠራሁት?»

ልጅቱ አባቷን አየችው። አሁንም እንደ ልማዱ ስክሪኑን ሳይሆን እሷን ነው የሚያየው።

«አይደለህም፣ አባዬ» አለች። «ካሜራው ነው።»

ራሱን ነቀነቀ። «እሺ» አለ፣ «ቀጥዪ።»